የአንባቢያን ጥያቄ፦ ቢጫ አበባው ቴኮማ በድሬዳዋ ግቢ

ጥያቄ፦ ከዚራ ውስጥ በየአጥሩ የሚታየውን፣ ጥሩምባ መሰል ቢጫ አበባ በዘለላ የሚያወጣውን ቁጥቋጦ ከዘር ላበቅል ሞክሬ አልወጣልኝም። ምኑ ይሆን? (ከሳቢያን)

መልስ፦ የገለጹት ቴኮማ ነው። የትውልድ ስፍራው የአሜሪካ አህጉር ሲሆን በአሪዞናና በቴክሳስ ደረቅ ኮረብታዎች ላይ ሳይቀር በዱር ይበቅላል፤ የድሬ ሙቀት አይበግረውም። ዘሩ ያልወጣው አንድም አርጅቶ፣ አንድም ጠልቆ ተቀብሮ ይሆናል።

ዘሩን የያዘው ቀጭኑ ረጅም ቆባ ቡናማ መሆን ሲጀምር፣ ሳይፈነዳ ይቁረጡት። ዘሩ ግራና ቀኙ ስስ ክንፍ አለው፤ መዳፍ ላይ ሆኖ እንኳ ትንፋሽ ይወስደዋል። መሃሉ ወፈር ያለውን ይምረጡ፣ ባዶውን ይጣሉ። ብዙ ስለማይቆይ በተለቀመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይዝሩት።

ሁለት እጅ የተነፋ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስትና አንድ እጅ የግቢ አፈር ቀላቅለው፣ ከታች በተበሳ የችግኝ ፕላስቲክ ይሙሉ። በአንዱ ሁለት ዘር አስቀምጠው ከ5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ አሸዋ ያልብሱት። ውሃ በጣሳ አይገልብጡበት፤ ዘሩ ወይ ይጠረጋል ወይ ይቀበራል። ክዳኑ በተበሳሳ የውሃ ፕላስቲክ ያርከፍክፉ። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይበቅላል። ሁለቱም ከወጡ ደካማውን በመቀስ ይቁረጡ እንጂ አይንቀሉ፤ የሌላውን ሥር ይዞ ይወጣል።

ችግኙ 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አንድ ሳምንት ቀስ በቀስ ፀሐይ አለማምደው፣ በሐምሌ መጀመሪያ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ይትከሉት። ፍየል የሚገባበት ግቢ ከሆነ ዙሪያውን በእሾህ ይጠሩ።

ጥያቄ፦ ቴኮማዬ ከአጥር በላይ አድጓል። በየማታው አጠጣዋለሁ፣ ፍግም በየወሩ እጨምርለታለሁ፤ አበባ ግን የለውም። (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ እንክብካቤው በዝቶበት ነው። ውሃና ፍግ እንደ ልብ ያገኘ ቴኮማ ጉልበቱን ለቅጠልና ለግንድ ያውለዋል። ፍጉን በዓመት አንዴ፣ ከክረምቱ በፊት ለአንዱ ተክል ከአንድ አካፋ አያሳልፉ።

በየማታው ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል፤ ታዲያ ውሃ የተቋረጠ ሳምንት መጀመሪያ የሚጠወልገው እሱ ነው። አዲስ ችግኝ ለ2 ወር በየ3 ቀኑ ግማሽ ጀሪካን፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። ዓመት ያለፈውን በበጋ በየ2 ሳምንቱ ሁለት ጀሪካን፣ ቀስ ብሎ እንዲሰርግ አድርገው ያጠጡት። ከማጠጣትዎ በፊት ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ እርጥበት ካለው ይቆዩ።

ሌላው የምናየው ችግር መቀስ ነው። አበባው የሚወጣው በአዲሱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ አጥሩን በየወሩ አራት ማዕዘን አድርጎ የሚከረክም ሰው እምቡጡን እያጨደ ነው። በየካቲት፣ የበልግ ዝናብ ሳይጀምር፣ ከቁመቱ አንድ ሦስተኛውን ከአንጓው በላይ ይቁረጡና ከዚያ ይተዉት። ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የማያገኝ ቦታ ላይ ግን ምንም ቢያደርጉለት በደንብ አያብብም።

ጥያቄ፦ ቅጠሉ እየነጣ ነው፤ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ሆነው ቀሩ። አመድ ብጨምርበት ይሻለዋል? (ከለገሃሬ)

መልስ፦ አመድ በፍጹም አይጨምሩ። በማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጥለው ኖራ በአፈሩም ስለሚጠራቀም ተክሉ ብረት መሳብ ያቅተዋል፤ አመድ ደግሞ ያባብሰዋል። ኮምፖስት ያልብሱት፣ የጣሪያ ዝናብ ውሃ ካጠራቀሙም መጀመሪያ ለእሱ ይስጡ። የነጣው ቅጠል ላይመለስ ይችላል፤ መሻሉን የሚያዩት በአዲሱ ቅጠል ነው።

ጥያቄ፦ ጎረቤት ግቢም እየበቀለ ነው። ያሰጋል? (ከሐረር)

መልስ፦ አዎ፣ ያሰጋል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሕግ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ወራሪ ተክሎች አንዱ ነው፤ ፕሮሶፒስ የተባለው ወራሪ እሾሃማ ዛፍ በአፋር ግጦሽ ላይ ያደረሰውን የሚያውቅ ሰው ይህን ቀላል አድርጎ አያየውም። አበባው እንደረገፈ ዘለላውን፣ ቆባው አረንጓዴ ሳለ ይቁረጡ፤ ተክሉም ለዘር የሚያወጣውን ጉልበት ለአዲስ አበባ ያውለዋል። ወንዝና ጎርፍ መውረጃ ዳር አይትከሉት። የደረቀውን ቆባ በከረጢት ሰብስበው ያቃጥሉ፤ የበቀለውንም ችግኝ መሬቱ እርጥብ ሳለ ከነሥሩ ይንቀሉ፤ ተቆርጦ የቀረው ጉቶ እንደገና ያቆጠቁጣልና።