ክሎቶ የጎደላቸው አይጦች፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ታደሰ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን «የወጣትነት ፕሮቲን በደም ውስጥ ተገኘ» የሚል ዜና እዚህ ተለጥፎ ብዙ ጥያቄ አስነስቷል። ዜናው የሚያወራው ስለ ክሎቶ ነው። ክሎቶን በዋናነት የሚሠራው ኩላሊት ነው፤ ከፊሉ ተቆርጦ ደም ውስጥ ይገባል። ይህ ፕሮቲን የሌላቸውን አይጦች ለዓመታት ሳሳድግና ሳጠና ቆይቻለሁ፤ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አደራ ግን፦ አይጥ ላይ የታየ ሁሉ ሰው ላይ አይሠራም። በክሎቶ ስም የሚሸጥ ነገር አትግዙ።

ብሩክ፦ ጋሽ ታደሰ፣ አይጧ እውነት ያረጀች ትመስላለች?

ታደሰ፦ ትመስላለች። ስትወለድ ከወንድም እህቶቿ አትለይም። እስከ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ጂኗን ካልመረመርክ የትኛዋ እንደሆነች አታውቅም። ከዚያ እድገቷ ቀጥ ይላል። ሌሎቹ ሲፋፉ እሷ ባለችበት ትቀራለች። ጀርባዋ ይጎብጣል፣ ቆዳዋ ይሳሳል፣ ስትራመድ ትንገዳገዳለች። አጥንቷም ሳንባዋም ይጎዳል፣ አትወልድም። ሁለት ወር ገደማ ሲሆናት ትሞታለች። ጤነኛ የላብራቶሪ አይጥ ሁለት ዓመት አካባቢ ይኖራል።

ከዓይኔ የማይጠፋው ግን የደም ስሯ ነው። ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ስር በስሱ ቆርጠን በሲልቨር ናይትሬት እናቀልመዋለን። ካልሲየምና ፎስፌት (ከምግብ የምናገኘው ፎስፈረስ ሰውነት ውስጥ የሚይዘው መልክ) የተጋገረበት ቦታ ይጠቁራል። የጤነኛዋ የደም ስር ግድግዳ ንጹሕ ነው። የእሷ ግን ጥቁር መስመር ይዞ ታገኘዋለህ። ገና የጥቂት ሳምንታት እንስሳ ናት!

ይህችን አይጥ አስቦ የሠራት የለም። ጃፓን ውስጥ ማኮቶ ኩሮ-ኦና ባልደረቦቹ ለሌላ ጥናት አይጥ ውስጥ ባዕድ ጂን ሲያስገቡ፣ ጂኑ ያልታሰበ ቦታ ገብቶ እስከዚያ የማይታወቅ ሌላ ጂን አበላሸ። ግኝቱ በ1997 ታተመ። በ2005 ደግሞ ክሎቶን በብዛት የሚያመርቱ አይጦች ከ19 እስከ 31 በመቶ የረዘመ ዕድሜ እንደኖሩ ታየ። ዜናው ሁሉ የሚሮጠው ከዚህች ከሁለተኛዋ አይጥ ኋላ ነው። ለእኔ ግን ብዙ ያስተማረችን የመጀመሪያዋ ናት።

ቢኒያም፦ የት ይገኛል? ዋጋው ስንት ነው?

ታደሰ፦ የትም አይገኝም። ለሰው የተፈቀደ የክሎቶ መድኃኒት የለም። አትግዙ ብያለሁ።

ሄለን፦ የመጀመሪያዋ ምን አስተማረችን?

ታደሰ፦ ጎሽ ሄለን፣ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይሄ ነው። አጥንት ኤፍጂኤፍ-23 የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። መልእክቱ ለኩላሊት ነው፦ «ፎስፌት በዝቷል፣ በሽንት አስወግድ፤ የቫይታሚን ዲ ሥራንም ቀንስ» ማለት ነው። ኩላሊት ይህን መልእክት የሚሰማው ክሎቶ ሲኖር ብቻ ነው። ክሎቶ ከሌለ ሆርሞኑ የቱንም ያህል ቢበዛ ሰሚ የለውም። ፎስፌት ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ የደም ስር ላይ፣ ኩላሊት ላይ ይጋገራል።

ማረጋገጫው ምንድነው ካልሽ፣ ኤፍጂኤፍ-23 የሌላት አይጥ ክሎቶ የሌላትን ቁርጥ ትመስላለች። ክሎቶ ለሌላት አይጥ ፎስፌት የተቀነሰበት ምግብ ሲሰጣት ብዙው ችግር ይቀላል፣ ዕድሜዋም ይረዝማል። ኩላሊት ፎስፌትን መልሶ የሚመጥበትን በር በጂን የዘጉ ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ነገር አይተዋል። እነዚያኑ የዳኑትን አይጦች መልሰው ፎስፌት የበዛበት ምግብ ሲያበሏቸው እርጅናው ተመልሶ መጣ። ክሎቶው እንደጠፋ ነው፤ የተለወጠው ፎስፌቱ ነው! ለዚህ ነው ስለ ወጣትነት መርፌ ሲወራ ሆዴን የሚበላኝ። አይጧ የምትነግረን ስለ ኩላሊት ነው። ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይም ክሎቶ ይቀንሳል፣ ኤፍጂኤፍ-23 ይጨምራል፣ የደም ስር ይደድራል።

ዳዊት፦ ስለዚህ ኮካ መጠጣት ያስረጃል ማለት ነው?

ሰናይት፦ ኮካ ብቻ? ጤፍም ሽሮም ፎስፈረስ አለው። ምን ልንበላ ነው?

ዮናስ፦ ለዚህ እኮ ነው ጾም የተሠራው። ሥጋና ወተት ሲቀር ፎስፌቱም ይቀራል።

ሰናይት፦ ሽሮ የጾም ምግብ አይደለም እንዴ? አሁን አለው አልኩህ።

ዮናስ፦ የእህሉ እንደ ሥጋው አይደለም። በዚያ ላይ ጾም ለጤና ብቻ አይደለም።

ዳዊት፦ ጨዋታው ስለ አይጥ ነበር፣ ጾም ውስጥ ገባን።

ታደሰ፦ ጾሙን ለአባቶች ተዉት። ዮናስ ስለ እህሉ ያለው ግን ትክክል ነው። የእህልና የጥራጥሬ ፎስፈረስ አብዛኛው ፋይቴት በሚባል መልክ የታሰረ ነው፤ አንጀታችን በደንብ አይፈታውም። እርሾ ገብቶበት የቦካ ሊጥ ላይ ይህ እስር ስለሚላላ እንጀራ ከቂጣ ትንሽ ይለያል። ከሥጋና ከወተት የሚገኘው ይበልጥ ይመጠጣል። ከሁሉም የባሰው ፋብሪካ የሚጨምረው ነው፤ በታሸገ ሥጋ፣ በተቀነባበረ አይብ፣ በጥቁር ለስላሳ ውስጥ ያለው አብዛኛው ደም ውስጥ ይገባል። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ትርፉን በሽንት ያስወግዳል። ከአይጧ ተነስታችሁ ሽሮ አታቁሙ።

ወ/ሮ አልማዝ፦ ልጄ፣ ባለቤቴ የኩላሊት እጥበት ላይ ናቸው። ለፎስፌት የሚሆን ኪኒን ታዞላቸዋል፤ ሆድ ያማል ብለው ጠዋት በባዶ ሆድ ይወስዱታል። ምን ትላለህ?

ታደሰ፦ እግዜር ይማርልዎት እትዬ። ያ ኪኒን የሚሠራው ከምግብ ጋር ሲወሰድ ነው። ሆድ ውስጥ ካለው ምግብ ፎስፌቱን ይዞ እንዲያስቀር ነው የታዘዘው፤ ምግብ ከሌለ የሚይዘው ነገር የለም። ሆዳቸውን እንደሚያማቸው ለሐኪማቸው ይንገሩ፣ ሌላ ዓይነት ሊቀይርላቸው ይችላል። በራሳቸው ግን እንዳያቋርጡ።

ማርታ፦ በሕፃንነታቸው የሚያረጁት ልጆችስ? ክሎቶ ያድናቸዋል?

ታደሰ፦ ፕሮጄሪያ የሚባለውን በሽታ ማለትሽ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ጥፋተኛው ፕሮጄሪን የተባለ የተበላሸ ፕሮቲን ነው። የሚጎዳው ሴል ውስጥ ሆኖ የኒውክሊየስን (ጂኖቹ የሚቀመጡበትን ክፍል) ሽፋን በማበላሸት ነው። የጂን ስህተቱ በ2003 ተለየ፤ ሎናፋርኒብ የተባለው መድኃኒት በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። አያድንም፣ ዕድሜ ይጨምራል። በ2021 ያንን የጂን ስህተት በያዙ አይጦች ላይ ስህተቱን አርመው ዕድሜያቸውን ከእጥፍ በላይ አስረዝመዋል። አይጥ ላይ ነው።

ከክሎቶ ጋር መደባለቅ የሌለበትን ምክንያት ልንገርሽ። በ2007 የክሎቶ ጂኗ የተበላሸ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ታሪክ ታትሟል። በአንጎሏ ሽፋንና በአንገቷ የደም ስር ላይ ካልሲየም ተጋግሮ ነበር። እንደ አይጧ ግን አላረጀችም። ፎስፌቱ ሰውም ላይ አለ፤ ጉብጠቱና መሳሳቱ ግን እንዳለ ተገልብጦ አልመጣም።

ቢኒያም፦ በኪኒን መልክ የሚሸጥ አይቻለሁ እኮ።

ታደሰ፦ ቢኒያም! ክሎቶ ከ1,000 በላይ አሚኖ አሲድ ያለው ትልቅ ፕሮቲን ነው። ብትውጠው እንደማንኛውም ሥጋ ሆድህ ይፈጨዋል። አትግዛ።

ኤፍሬም፦ የወጣት ደም መውሰድስ?

ታደሰ፦ ዘርፌ አይደለም። በ2005 ወጣትና አሮጌ አይጥ ደማቸው እንዲገናኝ አጣብቀው የሠሩት ጥናት ጥሩ ነው። የወጣት ፕላዝማ የሚሸጡትን ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2019 አስጠንቅቆባቸዋል።

ኪሩቤል፦ ስለ እርጅና በአጠቃላይ ቢያብራሩልን።

ታደሰ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልመልስም። አንድ ነገር ለይተህ ጠይቅ።

ትዕግሥት፦ አይጦቹ አይሠቃዩም? ሳስበው ይከብደኛል።

ታደሰ፦ ለእኔም ይከብደኛል። ሲዳከሙ ከላይ ወዳለው የምግብ መያዣ መድረስ ስለማይችሉ፣ ምግቡን በውኃ አርሰን ሣጥኑ ወለል ላይ እናስቀምጥላቸዋለን። በጣም ሲብስባቸው እስኪሞቱ አንጠብቅም። ሥራው የሚፈቀደው በኮሚቴ ታይቶ ነው።

ሄለን፦ ክሎቶ የተወጉት ዝንጀሮዎች ላይ የታየውስ? እናቴ መርሳት ጀምራለች።

ታደሰ፦ እናትሽን ይማርልሽ። በ2023 የታተመ ነው። ያረጁ ሬሰስ ዝንጀሮዎች አንድ አነስተኛ መጠን ያለው የክሎቶ መርፌ ከቆዳ ሥር ተወግተው፣ ምግብ የት እንደተደበቀ የማስታወስ ችሎታቸው ተሻሽሏል፤ ለውጡ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይቷል። መጠኑ ሲጨመር ግን ያ ጥቅም አልታየም። ለዚህ ነው «ትንሽ ከጠቀመ ብዙ ይጠቅማል» የሚለው ሐሳብ የሚያስፈራኝ። እናትሽን አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ ውሰጂ። የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ-12 ምርመራ ይደረግላቸው፤ ሊታከም የሚችል ምክንያት ሊገኝ ይችላል።

ብሩክ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ደሜ ውስጥ ያለውን ክሎቶ ላስመርምር?

ታደሰ፦ ገንዘብህን አታባክን። የመመርመሪያ ኪቶቹ የሚሰጡት ቁጥር እርስ በርስ አይገጥምም። በምትኩ የደም ግፊትህን ተለካ። የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን ክሬአቲኒንህንና በሽንትህ ውስጥ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን መኖሩን አስመርምር። ስኳር ወይም ግፊት ካለብህ ደግሞ በየዓመቱ ድገመው።