መልስ፦ የማሳይ መሬት በእርግጥ ባዶ ነበር?

«እንግሊዞች ኬንያ ሲገቡ ግጦሹ ባዶ ከነበረ ከማሳዮች ምን ተወሰደ?» ብለህ ጠይቀሃል።

ባዶ የመሰለው የደረሱበት ጊዜ ክፉ ስለነበር ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ (ከብት የሚፈጅ ወረርሽኝ)፣ እኛን ለክፉ ቀን የዳረገን ያው በሽታ፣ ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳይን መንጋ ፈጅቶ ነበር። ፈንጣጣና የእርስ በርስ ጦርነትም ተከተሉ። ደግሞም አርብቶ አደር በዝናብ ወቅት የማይነካው መሬት ለደረቁ ወራት ያሳረፈው ነው እንጂ ባለቤት ያጣ አይደለም።

በ1904 ከእንግሊዞች ጋር በተፈረመው ስምምነት ማሳዮች የስምጥ ሸለቆ ግጦሾቻቸውን ናይቫሻንና ናኩሩን ለቀው በሁለት ክልል ተከፈሉ፤ አንዱ በሰሜን ላይኪፒያ፣ ሌላው እንግሊዞች ከዘረጉት ባቡር ሐዲድ በስተደቡብ። ውሉ የማሳይ ዘር እስካለ ድረስ ይጸናል ተብሎ ተጽፎበታል። የጸናው ሰባት ዓመት ነው! በ1911 ሌላ ስምምነት ተፈርሞ ላይኪፒያ ለነጭ ሰፋሪዎች ተለቀቀ። ሰውና ከብቱ ወደ ደቡብ ሲነዳ በመንገድ ብዙ ሰውና ከብት ሞተ።

እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ የፍርድ ቤቱ ነገር ነው። ማሳዮች ጠበቃ አቁመው ከሰሱ፤ በ1913 ፍርድ ቤቱ «ይህ ከሌላ መንግሥት ጋር የተደረገ ውል ስለሆነ የማየት ሥልጣን የለኝም» በሚል ምክንያት መዝገቡን ዘጋ። መሬት ሲነጠቁ ተገዢ፣ መብት ሲጠይቁ የውጭ መንግሥት ሆኑ ማለት ነው።

ገበያውም አልተረፈላቸውም። በበሽታ ቁጥጥር ስም ከብታቸው ከክልሉ እንዳይወጣ በተደጋጋሚ ይታገድ ነበር፤ ይህም የሰፋሪዎቹን የከብት ንግድ ከተፎካካሪ ጠበቀላቸው።