ጭንቅላት ሲወዛወዝ ፊደል ይነበባል?

ጥያቄ፦ ለሳምንታት ጄንታማይሲን የተባለውን ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የተወጉ አንድ ታካሚ «ባጃጅ ውስጥ ስሆን የሱቅ ታፔላ ይዘልብኛል» ይላሉ። ውድ መሣሪያ የለንም። በምን ልፈትሻቸው? — ፊዚዮቴራፒስት፣ ከአዳማ

መልስ፦ የግድግዳው የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ይበቃዎታል። ታካሚው የርቀት መነጽራቸውን አድርገው ሰሌዳው በተሠራበት ርቀት፣ ብዙውን ጊዜ 6 ሜትር ላይ፣ ይቀመጡ። መጀመሪያ ጭንቅላታቸው ሳይንቀሳቀስ የሚያነቡትን የመጨረሻ መስመር ይመዝግቡ። ከዚያ ከኋላቸው ቆመው አገጫቸውን 30 ዲግሪ ያህል ዝቅ ያድርጉና ጭንቅላታቸውን በሁለት እጅ ይዘው በሰከንድ 2 ሙሉ ምልልስ ግራና ቀኝ በትንሹ እያወዛወዙ ሰሌዳውን እንደገና ያስነብቧቸው። የስልክ ሜትሮኖም (ምት የሚያሰማ መተግበሪያ) በደቂቃ 120 ላይ ካደረጉ በአንድ ምት አንድ ምልልስ ማለት ነው።

ፈተናው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በፍጥነት ነው። እጅ ሲደክም ምልልሱ ይዘገያል፤ ያኔ ዓይን ያለ ውስጥ ጆሮ እገዛ ፊደሉን ተከትሎ ይይዛል። ጥግ ላይ ቆም ካሉም በዚያች ቅጽበት ሰርቀው ያነባሉ። ሰሌዳውንም ይሸመድዱታል፤ ሁለተኛ ከሌለዎት ከቀኝ ወደ ግራ ያስነብቧቸው።

ጭንቅላት ሲወዛወዝ የሚነበበው ከመጀመሪያው አንድ ሁለት መስመር መቀነሱ ጤነኛ ሰው ላይም አለ። 3 እና ከዚያ በላይ ከቀነሰ የውስጥ ጆሮ ጉዳት ይጠርጥሩ። ጄንታማይሲን ሁለቱንም ጆሮ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ኃይለኛ ማዞር ባይኖርም አይዘናጉ። አንገቱ የተጎዳ ሰው ላይ ግን አይሞክሩት።