ስለ ዩሱፍ ኑርኪች ለጠየቃችሁኝ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ሰው ናቸው፤ ስለ ቦስኒያዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዩሱፍ ኑርኪች። በጣም ደስ ብሎኛል። ይህ ተጫዋች በተነሳ ቁጥር ወሬው ስንት ነጥብ አስቆጠረ፣ ስንት ዶላር ተከፈለው የሚል ነው። እሱ ግን ዋና ሥራውን የሚሠራው ኳሱ በሌላ ሰው እጅ ሳለ ነው። ይህንን በየመልሱ ማንሳቴ ስለማይቀር ታገሱኝ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኑርኪች ተጫዋች የሆነው አባቱ ተደባድቦ ጋዜጣ ላይ ስለወጣ ነው የሚባለው እውነት ነው ወይስ ተረት? (አንባቢ ከአዳማ)

እውነት ነው። አባቱ ሃሪዝ ኑርኪች ፖሊስ ነው፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚያልፍ፣ ክብደቱ ወደ 180 ኪሎ የሚገመት ግዙፍ ሰው። ይህ ሰው ብቻውን ከብዙ ሰዎች ጋር ተጋጥሞ እንደረታቸው የአገሩ ጋዜጣ ጻፈ። ዜናውን ያነበበ አንድ የተጫዋቾች ወኪል፣ እንዲህ ያለ አባት ልጅ ቢኖረው ምን ያህል ይሆን ብሎ ቤታቸው ድረስ ሄደ። ልጅ ነበረው። ዩሱፍ ያኔ 14 ዓመቱ ነበር፤ ከቅርጫት ኳስ ጋር ይህ ነው የሚባል ትውውቅ አልነበረውም።

ታሪኩ ብዙውን ጊዜ ለሳቅ ስለሚነገር ዋናው ነገር ይቀራል። ልጁ የተወለደው ኦገስት 23 ቀን 1994 በቱዝላ ከተማ ነው፤ የቦስኒያ ጦርነት ገና አላበቃም ነበር። የዘጠኝ ወር ሕፃን ሳለ፣ ሜይ 25 ቀን 1995 አመሻሹ ላይ በቱዝላ መሀል ካፒያ በሚባለው አደባባይ አንድ የመድፍ ጥይት ወድቆ 71 ሰዎችን ገደለ፤ አብዛኞቹ ለመዝናናት የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ዩሱፍ ያደገው ከቱዝላ ብዙም በማትርቀው በዢቪኒትሴ ነው። ከዚያ አካባቢ የወጣ ታዳጊ ቤተሰቡን ትቶ ወደ ስሎቬኒያ ተሻገረና ከዝላቶሮግ ላሽኮ ክለብ ጋር ከሀ ሁ ጀመረ። ቀጥሎ ወደ ክሮኤሺያው ሴዴቪታ ዛግሬብ ሄደ፤ በመካከሉም በውሰት ለዛዳር ተጫውቷል። በ2014 በአሜሪካው ሊግ በኤን ቢ ኤ ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት) በ16ኛ ደረጃ ተመረጠ። የመረጠው ቺካጎ ቡልስ ቢሆንም በዚያው ምሽት ወደ ዴንቨር ነጌትስ ተላለፈ። ኳስ በቅጡ ይዞ ከማያውቅበት ቀን እስከዚያ ምሽት ያለው ጊዜ ስድስት ዓመት አይሞላም።

ዴንቨር ከኒኮላ ዮኪች ጋር አብሮ ቢያቆየው ኖሮ የማይደፈር ቡድን አይሆንም ነበር? (አንባቢ ከመቐለ)

አይመስለኝም። ተሞክሮም ነበር። በ2016 መኸር አሠልጣኙ ሁለቱን ሴንተሮች (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወቱ ግዙፍ ተጫዋቾች ናቸው) ጎን ለጎን አሰለፋቸው። ሁለቱም ከቅርጫቱ አጠገብ መቆም ይፈልጋሉ፤ ሜዳው ጠበበ፣ ከውጭ ሰብሮ ለሚገባ ተጫዋች ክፍተት ጠፋ። በዲሴምበር ቦታው ለዮኪች ተሰጠ፤ ዮኪች ዛሬ የደረሰበትን ስናይ ውሳኔው ትክክል ነበር። ኑርኪች ግን ተቀምጦ ማየት የሚችል ሰው አልነበረም። ሆድ ባሰው፤ ቅሬታውም ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። በፌብሩዋሪ 2017 ዴንቨር የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫ ጨምሮለት ለፖርትላንድ ትሬይል ብሌዘርስ ሰጠውና በምትኩ ሜሰን ፕላምሊን ወሰደ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ማርች 28 ቀን፣ ሁለቱ ቡድኖች ለሊጉ ምዕራባዊ ምድብ ስምንተኛ ቦታ ሲተናነቁ ተገናኙ። ኑርኪች በቀድሞ ቡድኑ ላይ 33 ነጥብ አስቆጥሮ ፖርትላንድ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ቀኝ እግሩ ላይ ስብራት ተገኘበት። የእግሩ መከራ ገና መጀመሩ ነበር።

ሊላርድ ያን ሁሉ ነጥብ ሲያስቆጥር ኑርኪች ምን ይሠራ ነበር? ቆሞ ያይ ነበር እንዴ? (አንባቢ ከጎንደር)

ይህንን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

የፖርትላንዱ ኮከብ ዳሚያን ሊላርድ ኳሱን እያነጠረ ሲመጣ፣ ኑርኪች ሮጦ ከሊላርድ ተከላካይ ጎን ይቆማል። እግሮቹን ሰፋ አድርጎ ይተክላል፣ እጆቹን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፣ አይንቀሳቀስም። ተከላካዩ ከዚያ ግዙፍ ሰው ጋር ይላተማል ወይም ዞሮ ለመምጣት ይገደዳል፤ ሊላርድ ለመወርወር የሚያስፈልገው ያ ቅጽበት ብቻ ነው። ስክሪን የሚባለው ይህ ነው። ስለ ስክሪኑ በውጤት ሰሌዳው ላይ አንድም ቁጥር አይጻፍለትም።

ሁለተኛው ክፍል ይበልጥ ያምራል። ተጋጣሚው ሊላርድን ፈርቶ ሁለት ሰው ሲልክበት ኳሱን ለኑርኪች ያቀብላል፤ ነጻ ውርወራ ከሚወረወርበት መስመር አካባቢ። አሁን አራት አጥቂ ለሦስት ተከላካይ ናቸው። ብዙ ሴንተር እዚህ ላይ ኳሱን ያባክናል። ኑርኪች ግን ፊቱን ወደ ቅርጫቱ አዙሮ፣ ጥጉ ላይ የቆመውን ሰው ያለ ማመንታት ያገኘዋል። በእኔ ግምት ትልቁ ተሰጥኦው ጉልበቱ አይደለም፤ እንዲህ ኳስ ማቀበሉ ነው።

በቁጥር የሚያምን አንባቢ ካለ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ሳክራሜንቶ ላይ የሆነውን ይመልከት። 24 ነጥብ፣ 23 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ)፣ ሰባት አሲስት (ነጥብ ያስገኘ ቅብብል)፣ አምስት የነጠቀው ኳስ፣ አምስት ብሎክ (ያከሸፈው ውርወራ)። ነጠቃና ብሎክ በሊጉ መመዝገብ ከጀመሩበት ከ1973–74 የውድድር ዘመን ወዲህ 20 ነጥብና 20 ሪባውንድን ከሌሎቹ ሦስቱ አምስት አምስት ጋር በአንድ ጨዋታ ያሟላ ሰው አልነበረም።

እግሩ የተሰበረበትን ምስል አየሁና እስከ መጨረሻው ማየት አልቻልኩም። እንዴት ተመልሶ ሊጫወት ቻለ? (አንባቢ ከዋሽንግተን)

እኔም ደግመው እንዲያዩት አልመክርም። ማርች 25 ቀን 2019 ነበር፤ ፖርትላንድ በሜዳው ብሩክሊን ኔትስን ያስተናግዳል። ጨዋታው ሁለተኛ ጭማሪ ሰዓት ውስጥ ገብቷል። ኑርኪች በዚያ ምሽት 32 ነጥብና 16 ሪባውንድ ነበረው፤ የሕይወቱን ምርጥ ዓመት እየተጫወተ ነበር፣ በአማካይ 15.6 ነጥብና 10.4 ሪባውንድ። ለሪባውንድ ዘሎ ሲወርድ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለቱም አጥንቶች ተሰበሩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። በቃሬዛ ወጣ። ፖርትላንድ 148 ለ 144 አሸንፎ ወደ ፕሌይ ኦፍ (ወደ ጥሎ ማለፉ) ማለፉን ያረጋገጠው በዚያው ምሽት ነው፤ ደስታውን የሚያከብር ግን አልነበረም።

ከአንድ ወር በኋላ ሊላርድ ኦክላሆማ ሲቲን ከሩቅ ወርውሮ በአንድ ኳስ ከውድድር ባስወጣበት ምሽት፣ ጨዋታውን ቤቱ ሆኖ ሲከታተል የቆየው ኑርኪች አላስችል ብሎት ወደ አዳራሹ መጥቶ ነበር። ፖርትላንድ በዚያ ዓመት እስከ ምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ ደረሰ። እሱ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለው ጥያቄ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የተመለሰው ከ16 ወራት በኋላ ነው፤ ጁላይ 31 ቀን 2020፣ በኮሮና ምክንያት ሊጉ ኦርላንዶ ውስጥ ታጥሮ ሲጫወት። በመጀመሪያው ቀን 18 ነጥብ፣ ዘጠኝ ሪባውንድና ስድስት ብሎክ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ኦገስት 15 ቀን፣ ፖርትላንድ ወደ ፕሌይ ኦፍ ለመግባት ከሜምፊስ ጋር የመጨረሻውን ጨዋታ ሊያደርግ ሲል፣ አያቱ በቦስኒያ በኮሮና መሞታቸውን ሰማ። ወደ ቤተሰቡ መሄድ አይችልም። ለቅሶ መቀመጥ አይችልም። ዘመድ ተሰብስቦ አጠገቡ አልነበረም። ሊቀርም ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር። ወጥቶ ተጫወተ፤ 22 ነጥብና 21 ሪባውንድ አስመዘገበ፤ ቡድኑ 126 ለ 122 አሸነፈ። በውጭ አገር ሆኖ መርዶ የሰማ ሁሉ ያ ምሽት ምን እንደነበር ያውቀዋል።

ድሬይመንድ ግሪን ለምን መታው? (አንባቢ ከባሕር ዳር)

በዲሴምበር 2023 ኑርኪች ለፊኒክስ ሰንስ ሲጫወት፣ የጎልደን ስቴቱ ግሪን ሲሻሙ ዞሮ በእጁ ፊቱን መታው። ሊጉ ግሪንን ላልተወሰነ ጊዜ አገደው፤ ቅጣቱ በ12 ጨዋታ አበቃ። ኑርኪች መልሶ አልተማታም። ከዚህ በላይ የሚባልለት ነገር የለም።

31 ሪባውንድ ያገኘበት ጨዋታ ከሁሉ ይበልጣል የሚባለው ልክ ነው? (አንባቢ ከድሬዳዋ)

ማርች 3 ቀን 2024 ያገኘው 31 ሪባውንድ የፊኒክስ ሰንስ ክለብ ክብረ ወሰን ነው፤ የቀድሞው 27 ነበር። ነገር ግን ፊኒክስ በዚያ ቀን በኦክላሆማ ሲቲ 118 ለ 110 ተሸንፏል። ክብረ ወሰኑን አከብራለሁ፤ ምርጫዬ ግን የሜምፊሱ ምሽት ነው።

የቦስኒያ ምርጥ ተጫዋች እሱ ነው? ከዴሊባሺችስ ይበልጣል? (አንባቢ ከፍራንክፈርት)

አይበልጥም። ይህንን ስል አላመነታም።

ሚርዛ ዴሊባሺች የተወለደው እንደ ኑርኪች በቱዝላ ነው፤ በ1954። ጥርሱን የነቀለው በከተማው ክለብ በስሎቦዳ ሲሆን፣ በ1972 ወደ ሳራዬቮው ቦስና ተዛወረ። በ1979 ግሬኖብል ላይ ቦስና የጣሊያኑን ቫሬዜን 96 ለ 93 አሸንፎ የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫን የወሰደ የመጀመሪያው የዩጎዝላቪያ ክለብ ሆነ። በዚያ ፍጻሜ ዣርኮ ቫራይች 45፣ ዴሊባሺች 30 ነጥብ አስቆጠሩ። በ1978 የዓለም ዋንጫን፣ በ1980 በሞስኮ የኦሊምፒክ ወርቅን ከዩጎዝላቪያ ጋር አግኝቷል። ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ፤ በ1983 ወደ ጣሊያኑ ካዜርታ እንደተዛወረ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ጨዋታ አቆመ። ገና 29 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ወደ ውጭ የሚወስደው ስምና ወዳጅ ሞልቶት ሳለ በተከበበችው ሳራዬቮ ቀረ። በ1993 አዲሲቱ ቦስኒያና ሄርዞጎቪና በጀርመን በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ስትሳተፍ አሠልጣኟ እሱ ነበር። ከሳራዬቮ የተነሱት ተጫዋቾች ከከበባው የወጡት በአየር ማረፊያው ማኮብኮቢያ ላይ በጨለማ እየሮጡ፣ ጥይት እያመለጡ ነው። ያ ቡድን ስምንተኛ ወጣ። ዴሊባሺች በዲሴምበር 2001 ሞተ። በሳራዬቮ ስኬንደሪያ የሚገኘው የስፖርት አዳራሽ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ኑርኪች ይህንን ታሪክ እየሰማ ያደገ ልጅ ነው። ሕዝቧ ከሦስት ሚሊዮን ጥቂት ከፍ የሚል አገር በ2022 ኮሎኝ ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮኗን ስሎቬኒያን፣ ያውም ከነሉካ ዶንቺች፣ 97 ለ 93 ስታሸንፍ እሱ ሜዳ ውስጥ ነበር። ለአገሩ ማሊያ ያለውን ክብር ማንም አይጠራጠርም፤ ያም ሆኖ ሚዛኑ ወደ ዴሊባሺች ያደላል።

አሁን የት ይጫወታል? ደመወዙስ? (ሁለት አንባቢዎች ከአዲስ አበባ)

በፌብሩዋሪ 2025 ከፊኒክስ ወደ ሻርሎት፣ በዚያው ዓመት በጋ ደግሞ ወደ ዩታ ጃዝ ተዛወረ። በ2018 የአራት ዓመት የ48 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2022 የአራት ዓመት የ70 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል።

15 ዓመቴ ነው፤ ቁመቴ ከእኩዮቼ ሁሉ ይበልጣል፤ ኳስ ግን ገና ዘንድሮ ጀመርኩ። ዘግይቼ ይሆን? (አንባቢ ከሐዋሳ)

አልዘገየህም፤ ኑርኪች በ14 ዓመቱ ነው የጀመረው። ቁመትህን ግን አንዴ ተሰጥቶሃልና እርሳው፤ ልምምድ የሚፈልገው እግርህና እጅህ ነው። በየቀኑ ገመድ ዝለል። ኳስ በሁለት እጅ መያዝን፣ በአንድ እግር ዞሮ መቆምን፣ ነጻ ውርወራን ደጋግመህ ተለማመድ። ረጃጅም ልጆችን ቅርጫቱ ሥር ብቻ አቁሞ እጅህን አንሳ የሚል አሠልጣኝ ካጋጠመህ፣ ከመስመሩ ላይ ሆነህ ኳስ ማቀበልንም እንዲያስተምርህ በአክብሮት ጠይቀው። ትምህርትህን ደግሞ አታቋርጥ።