የእንስሳት ጥያቄና መልስ፦ ቦል ፓይተን ከማዳቀልዎ በፊት

ጥያቄ፦ ልጄ «ስፓይደር» የሚባል መልክ ያላት ሴት ቦል ፓይተን (በቤት የምትረባ የዘንዶ ዓይነት) አለችው። ዕድሜዋ 4 ዓመት፣ ክብደቷ 1,600 ግራም ነው። ስትመገብ ጭንቅላቷ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም አንገቷ ይጠመዘዛል። የሸጠልን ሰው «የመልኩ ጠባይ ነው» ብሎናል። «ሻምፓኝ» የሚባል ሌላ መልክ ካለው ወንድ ጋር ሊያዳቅላት አስቧል፤ ምን ትላላችሁ? (አንዲት እናት፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ አያዳቅላት። ዕድሜዋም ክብደቷም በቂ ነው፤ 3 ዓመት የሞላትና 1,500 ግራም ያለፈች ሴት እንቁላል መጣል ትችላለች። እንቅፋቱ ጂኗ ነው።

የስፓይደር ቀጭን ጥለትም ሆነ መንቀጥቀጡ የሚመጡት ከአንድ ጂን ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የእነዚህን ዘንዶዎች ውስጠኛ ጆሮ መርምሮ፣ የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቁት ቱቦዎችና ከረጢት ቅርጻቸው የተዛባ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ደህና ደህናዎቹን እየመረጡ በማራባት ችግሩን ማጥፋት አይቻልም። እናቲቱ በትንሹ ብቻ ብትንቀጠቀጥም ልጇ ምግቡ ላይ መወርወር የሚሳነው፣ በጀርባው ተገልብጦ የሚቀር ሊሆን ይችላል። መልኩ ተራ ከሆነ ወንድ ጋር ብትዳቀል እንኳ በአማካይ ከልጆቿ ግማሾቹ ስፓይደር ይሆናሉ። በብሪታንያ ኢንተርናሽናል ሄርፔቶሎጂካል ሶሳይቲ የተባለው የተሳቢ እንስሳት አርቢዎች ማኅበር በትርዒቶቹ ላይ ስፓይደር እንዳይሸጥ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ትክክለኛ ውሳኔ ነው እንላለን።

ሻምፓኝ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል፤ እሱም የራሱ የሚዛን ችግር አለበት። በአማካይ ከ4 እንቁላል አንዱ ሁለቱንም ጂኖች ይወርሳል፤ አርቢዎች ይህን ጥምረት ገዳይ ብለው ነው የሚያውቁት። ሻምፓኝን ከሻምፓኝ ማዳቀልም እንዲሁ ነው።

ልጅዎ ማርባቱን ከወደደ ፓስቴል ወይም ክላውን በሚባሉት መልኮች ይጀምር። ሲናሞን የተባለውን መልክ ከሲናሞን አያዳቅል፤ ጂኑን ከሁለቱም ወገን የወረሱት ልጆች አከርካሪያቸው የተጣመመ፣ አፋቸው እንደ ዳክዬ የወጣ ሊሆን ይችላል። ዴዘርት የሚባለው መልክ ያላቸው ሴቶችም እንቁላል ሆዳቸው ውስጥ እየቀረባቸው ይቸገራሉ። የተጣመመ አከርካሪ ሁሉ ግን የጂን ጥፋት አይደለም፤ የመፈልፈያው ሙቀት ሲበዛም ይመጣል። ሙቀቱ ከ31 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ በየቀኑ ይመዝገብ። ደህና የነበረ ዘንዶ አድጎ በድንገት መንቀጥቀጥ ከጀመረ ደግሞ ሐኪም ጋ ይወሰድ፤ መንስኤው ኢንፌክሽን ወይም ከልክ ያለፈ ሙቀት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ «66 በመቶ ሄት አልቢኖ» ተብለው የተሸጡልኝ ወንድምና እህት ቦል ፓይተኖች አሉኝ። ባዳቅላቸው አልቢኖ አገኛለሁ? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ዕድልዎ ጠባብ ነው። አልቢኖ (ጥቁር ቀለም የሌለው መልክ) ድብቅ ጂን ስለሆነ መልኩ የሚወጣው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ነው። «ሄት» ማለት ከአንድ ወገን ብቻ ወርሶ በመልኩ የማይታወቅ ተሸካሚ ነው። ሁለት ሄቶች ሲዳቀሉ በአማካይ ከ4 ልጆች 1 አልቢኖ፣ 2 ሄት፣ 1 ከጂኑ ነጻ ይሆናል። አልቢኖ ካልሆኑት ሦስቱ ሁለቱ ተሸካሚ ናቸው፤ 66 በመቶ የተባለው ይኸው ነው። የእርስዎ ሁለቱም ተሸካሚ የመሆናቸው ዕድል እንግዲህ ከ9 አራት ነው። ቢሆኑም እንኳ እያንዳንዱ እንቁላል የራሱ ዕጣ አለው፤ ከ6 እንቁላል አንድም አልቢኖ ሳይወጣ የመቅረቱ ዕድል 18 በመቶ ገደማ ነው።

ወንድምና እህት ማዳቀል ደግሞ ሌላ የተደበቀ ጉድለት ካለ አብሮ ያወጣዋል። እያንዳንዳቸውን ከማይዛመዳቸው አልቢኖ ጋር ያዳቅሉ። ተሸካሚ ከሆኑ ግማሽ ያህሉ ልጆች አልቢኖ ይሆናሉ፤ ከተሸካሚ 6 ልጆች ተፈልፍለው አንድም አልቢኖ የማይገኘው ከ64 አንዴ ብቻ ነው። መጠበቅ ካልፈለጉ ገፈው የጣሉትን ቆዳ ወስደው ጂኑን የሚመረምሩ ላቦራቶሪዎች አሉ።

ሁለቱን አሁኑኑ በየሣጥናቸው ይለያዩ። ሴቷ የወንዱን ዘር በሆዷ ለወራት ማቆየት ስለምትችል፣ በኋላ ከሌላ ወንድ ጋር ቢያዳቅሏትም የልጆቹ አባት ማን እንደሆነ ያጠራጥራል።