ቢላ ስትመርጡ መጀመሪያ እጀታውን ጨብጡ

ልጆች፣ የውጊያ ቢላ ስታዩ ዓይናችሁ ቀድሞ ስለቱ ላይ እንደሚያርፍ አውቃለሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንደዛው ነበርኩ። ስንት ዓመት ቢላ ከሠራሁ በኋላ ግን አንድ ቢላ ሲሰጡኝ መጀመሪያ እጀታውን ጨብጬ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ስለቱ ወደየት እንደዞረ እጄ ካልነገረኝ ያ ቢላ ጎደሎ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ኮማንዶዎች የታጠቁትን የፌርቤርን-ሳይክስ ጩቤ ተመልከቱ። በጣም ያምራል። እጀታው ግን ድቡልቡል ስለሆነ መዳፍ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ጫፉም ቀጭን ነውና ከመውጋት ሌላ ሥራ ሲሰጡት ይሰበር ነበር። የአሜሪካ የባሕር እግረኛ ጦር (ማሪን) እ.ኤ.አ. በ1942 የመረጠው ካ-ባር የሚባለው ቢላ ደግሞ ውበቱ ያን ያህል አይደለም፤ ግን ርዝመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ወፍራም ስለት፣ ተደራርቦ የተጠቀጠቀ የቆዳ እጀታና ጣት ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት የሚያግድ መከታ አለው። ወታደሩም ቆርቆሮ ከፈተበት፣ ሳጥን ፈለቀቀበት፣ እንጨት ጠረበበት። የውጊያ ቢላ አብዛኛው ዕድሜው የሚያልቀው እንዲህ ባለው ሥራ ነው፤ እኔ ምረጥ ብባል ያለማንገራገር ካ-ባርን ነው የማነሳው።

አሁን ወደማይታየው ልምጣ፣ ምክንያቱም እኔን ያዋረደኝ እሱ ነው። እጀታው ውስጥ የሚገባ የብረቱ ጭራ አለ። ጀማሪ ሳለሁ ጭራው ከስለቱ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ በሞረድ ቀጥ አድርጌ ሹል ማዕዘን ሠራሁለት፣ ሲታይ ንጹሕ ነበር። ደንበኛዬ ለሁለት የተሰበረ ቢላ ይዞልኝ መጣ። የተሰበረው ልክ እዛች ጥግ ላይ ነው፤ ጫናው ሁሉ እዛች ነጥብ ላይ ይሰበሰባላ! ያ ሰው ተራራ ላይ ብቻውን ሆኖ ቢሰበርበትስ ብዬ ብዙ ሌሊት አስቤያለሁ። ጥጉን ክብ አድርጉት። በጣም ቀላል ነገር ነው፣ ግን ስንቱ ይዘለዋል።

ሌላው እሳቱ ነው። 1095 የሚባለውን የካርቦን ብረት 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አግላችሁ ዘይት ውስጥ ስትነክሩት ይጠነክራል፣ ግን እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል፤ ቢወድቅ እንኳ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ወዲያው ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት ሁለት ሰዓት ያህል መልሳችሁ ታሞቁታላችሁ፣ እኔ ሁለቴ ነው የማደርገው። ሮክዌል በሚባለው የብረት ጥንካሬ መለኪያ 56 እስከ 58 ቢሆን ይበቃኛል። ስስ የወጥ ቤት ቢላ ከ60 በላይ ቢሄድ ያምርበታል፣ የውጊያ ቢላ ግን ሲጫኑት ትንሽ ጎበጥ ብሎ መመለስ አለበት። ሻጭ ስለ ብረቱ ስም ብቻ ካወራላችሁ፣ እንዴት እንደተሞቀ ጠይቁት።

ስለ አፎት ብዙ አልልም። ገልብጣችሁ ስትነቀንቁት ቢላው ከወደቀ አትግዙት። የካርቦን ብረት ከሆነ ደግሞ የቆዳ አፎት ውስጥ ለወራት አትተዉት፣ ቆዳው እርጥበት ይይዝና ያዝገዋል። ስስ ዘይት ቀብታችሁ ለብቻው አስቀምጡት።