ጊትን በማውስ ወይስ በተርሚናል?

ጥያቄ

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ለአንድ መድኃኒት ቤት የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እየሠራን ነው። ኮዳችንን የምንይዘው የኮዱን ለውጥ ሁሉ እየመዘገበ በሚያስቀምጠው በጊት ነው። እኔ በማውስ የሚሠራ ባለመስኮት ፕሮግራም እጠቀማለሁ፤ ከመካከላችን ልምድ ያለው ግን ትእዛዝ እየተጻፈ በሚሠራበት መስኮት፣ በተርሚናል፣ ይሠራል፤ «ጊት ማለት ተርሚናል ነው፤ ተርሚናሉን ካላወቅህ ጊትን አላወቅህም» እያለ ይወቅሰኛል። ላፕቶፔ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው አሮጌ ነው፤ ሰፈራችን መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፤ ኢንተርኔት የማገኘውም ከስልኬ ዳታ ነው። የእኔ ዊንዶውስ፣ የእርሱ ሊኑክስ ነው። የትኛውን ብመርጥ ይሻለኛል?

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

ባልደረባዎ የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን በ2005 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ከርነል (ለሲስተሙ እምብርት) ሥራ ሲጀምረው በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ መሣሪያ አድርጎ ነበር፤ እስከ ዛሬም ማንኛውም አዲስ ችሎታ በቅድሚያ የሚገኘው በትእዛዝ መልክ ነው፤ ባለመስኮቶቹ ዘግይተው ይከተላሉ፣ አንዳንዱንም ጨርሶ አያካትቱም። ይሁን እንጂ ጊትን የሚያዘጋጁት ሰዎች ራሳቸው ጊት ጂዩአይ እና ጊትኬ የተባሉ ሁለት ባለመስኮት ፕሮግራሞችን ከጊት ጋር አብረው ያወጣሉ። ስለዚህ በማውስ የሚሠራ ሰው ጊትን አያውቅም ማለት ከጊት ባለቤቶችም በላይ ጥብቅ መሆን ነው።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ ምርጫው የሚያስር ውል አለመሆኑ ነው። ታሪኩ በሙሉ የተቀመጠው በፕሮጀክትዎ ፎልደር ውስጥ በተደበቀው የጊት ፎልደር ነው፤ ጠዋት በመስኮት ኮሚት ያደረጉትን፣ ማለትም በታሪኩ ላይ የመዘገቡትን ለውጥ፣ ማታ በተርሚናል ቢከፍቱት ያው ነው። እኔ ራሴ ሁለቱንም ጎን ለጎን ከፍቼ እሠራለሁ፣ በሥራ ድርሻም እለያቸዋለሁ። ለማየት የሚሆን ነገር ሁሉ፣ ማለትም ከትናንት ወዲህ በኮዱ የተለወጠውን መስመር በመስመር መመርመር፣ ብራንቾች (የሥራው ቅርንጫፎች) የት ተለያይተው የት እንደተገናኙ መከታተል፣ ከአንድ ፋይል ውስጥ ሦስቱን መስመር ለዚህ ኮሚት መርጦ የቀረውን ለሌላ ማቆየት፣ በመስኮት ይቀላል። ለማድረግ የሚሆነው፣ በተለይም የሆነ ነገር ሲበላሽ፣ በተርሚናል ይሻላል፤ ምክንያቱም ተርሚናሉ የስህተቱን መልእክት ሳያሳጥር ይነግርዎታል፣ እርስዎም መልእክቱን እንዳለ ቀድተው በቴሌግራም ለባልደረባዎ መላክ ይችላሉ። «ቁልፉን ስጫን ቀይ ነገር አሳየኝ» ለሚል ሰው ግን መላ መፈለግ አስቸጋሪ ነው። ሶፍትዌሩን አንድ ቀን ሰርቨር ላይ ሲጭኑም እዚያ የሚጠብቅዎ ብዙ ጊዜ ተርሚናል ብቻ ነው።

ባለመስኮቱ ትልቁ ጉዳቱ አንድ ቁልፍ ከበስተጀርባው ስንት ትእዛዝ እንደያዘ አለመናገሩ ነው። ለምሳሌ ቪኤስ ኮድ በተባለው የኮድ መጻፊያ ውስጥ ያለው «ሲንክ» ፑል (የሌሎችን ሥራ ከሰርቨር ማምጣት) እና ፑሽን (የራስን ወደ ሰርቨር መላክ) አከታትሎ ይፈጽማል፤ የባልደረባዎን ሥራ ሳያዩ የእርስዎን መላክ ካልፈለጉ ሁለቱን ለየብቻ ቢያደርጓቸው ይበጃል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ለውጥን የሚጥለው «ዲስካርድ» የሚለው ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ባለመስኮት ፕሮግራም ላይ አንድ ፋይል ብቻ የምመልስ መስሎኝ ሙሉ ቀን የጻፍሁትን አጥፍቻለሁ፤ ኮሚት አላደረግሁትምና ጊት ሊያስታውሰው አልቻለም። ኮሚት የተደረገ ቢሆን ኖሮ «ጊት ሪፍሎግ» በሚባለው ትእዛዝ ባገኘሁት ነበር፤ ቅንብሩ ካልተቀየረ ይህ መዝገብ ከብራንች ውጭ የቀሩትን ኮሚቶች እንኳ ለ30 ቀን፣ ሌሎቹን ለ90 ቀን ያቆያል። ኮሚት ማድረግ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ስለዚህ መብራትም ዳታም በማይታመንበት ሰፈር ትንንሽ ኮሚት በየሰዓቱ እያደረጉ፣ ፑሹን መስመር ሲመለስ ቢያደርጉት ይሻላል።

አሁን ወደ ላፕቶፕዎ ልምጣ። ጊትሀብ ዴስክቶፕ እና ጊትክራከን የተባሉት ባለመስኮቶች የተሠሩት ኤሌክትሮን በሚባል የፕሮግራም መሥሪያ ነው፤ ይህም ማለት እያንዳንዳቸው በውስጣቸው አንድ ሙሉ ብራውዘር ይዘው ይነሣሉ። በ4 ጊጋባይት ሚሞሪ ላይ የኮድ መጻፊያዎና ብራውዘርዎ ተከፍተው ሳሉ እነዚህን መጨመር ላፕቶፑን ያንቀራፍፈዋል። ጊትክራከን ያለክፍያ ሲሠራ ለሕዝብ ክፍት ለሆኑ ሪፖዚተሪዎች (የኮድ ማከማቻዎች) ነው፤ የመድኃኒት ቤቱ ኮድ ደግሞ የግል መሆኑ አይቀርም። ጊትሀብ ዴስክቶፕ ነፃ ቢሆንም በይፋ የሚወጣው ለዊንዶውስና ለማክ ብቻ ስለሆነ የሊኑክስ ተጠቃሚው ባልደረባዎ ከእርስዎ ጋር ሊተያዩበት አይችሉም። በእኔ ግምት ለእርስዎ የሚሻለው ጊት ጂዩአይ እና ጊትኬ ነው። መልካቸው ያረጀ ነው፣ አላስተባብልም፤ ነገር ግን ቀላል ናቸው፣ ዊንዶውስ ላይ ጊትን ሲጭኑ አብረው ስለገቡም ተጨማሪ ዳታ አያስወጡዎትም። መስመር መርጦ ኮሚት ማድረግም ይችላሉ፤ ለውጡ ላይ በቀኝ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።

ተርሚናሉን ደግሞ በጥቂቱ ይጀምሩት፤ ስታተስ (የተነኩትን ፋይሎች የሚዘረዝር)፣ ዲፍ (ለውጡን የሚያሳይ)፣ ሎግ (ታሪኩን የሚያሳይ)፣ ስዊች (ብራንች የሚቀይር) እና ሪስቶር (ፋይልን ወደ ቀድሞው የሚመልስ) ለመጀመሪያው ወር ይበቃሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በ2019 እ.ኤ.አ. የገቡት ብዙ ሥራ ተደራርቦበት ሰውን ያደናግር የነበረውን ቼክአውት የተባለ ትእዛዝ ለማቅለል ነው። ሪስቶር ግን እንደዚያ ዲስካርድ ያልተቀመጠ ሥራ ሊያጠፋ ስለሚችል ከመጠቀምዎ በፊት ዲፉን ይዩ። ከሁለቱ መካከል የሆነ ነገር ካማረዎት ሌዚጊት የተባለው እዚያው ተርሚናል ውስጥ በመስኮት መልክ ይሠራል፤ ለሊኑክስም ለዊንዶውስም አለ።

ተርሚናሉን ሲጀምሩ አንድ ነገር እንዳያስደነግጥዎ። ፋይሉን «ዕቃዎች» ብለው በአማርኛ ሰይመውት ከሆነ፣ ስታተስ ስሙን በፊደላችን ሳይሆን በቁጥር ይጽፈዋል፤ እያንዳንዱ ፊደል በ341 የሚጀምር ሦስት ቁጥር ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ «ኮር.ኮትፓዝ» (core.quotePath) የሚባለውን ቅንብር ፎልስ (false) ሲያደርጉት ፊደሉ ይመለሳል። በቁጥሩ ፈንታ ባዶ ሳጥን ካዩ ግን ችግሩ የጊት ሳይሆን ተርሚናሉ የግዕዝ ፊደል ያለበት ፎንት ስላልተመረጠለት ነው።

ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው በመሥራታቸው የሚመጣው ችግር ከመስኮትና ከተርሚናል ምርጫ ጋር አይገናኝም። ሁለቱ ሲስተሞች የመስመር መጨረሻን የሚጽፉበት ምልክት ይለያያል፤ በዚህም የተነሣ አንድ ቃል ብቻ ነክተው ሳለ ፋይሉ በሙሉ የተለወጠ መስሎ ሊታይዎት ይችላል። በፕሮጀክቱ ፎልደር «ጊትአትሪቢዩትስ» (.gitattributes) የሚባለውን ፋይል ፈጥረው የጽሑፍ ፋይሎች ሁሉ «ቴክስት» በ«ኦቶ» እንዲያዙ አንድ መስመር (* text=auto) ይጻፉበት፣ ኮሚት ያድርጉት፤ ባልደረቦችዎም ፑል ሲያደርጉ ደንቡ ከፋይሉ ጋር ይደርሳቸዋል።